እጅ እንዳይረሳ፦ የቁስል ስፌትን በቤት ውስጥ ስለ መለማመድ



እንደሚታወቀው በስደት ከሚባክኑት ነገሮች አንዱ ተጀምሮ የተቋረጠ ትምህርት ነው። በካኩማም ሆነ በዳዳብ፣ እዚህ ናይሮቢም በኢስሊ ጠባብ ክፍሎች ውስጥ፣ የነርስነት ወይም የጤና መኮንንነት ትምህርታቸውን ከመንገድ ጥለው የወጡ ወጣቶች አሉ። በአገር ቤት ድሬሰር ወይም ጤና ረዳት ሆነው ሲያገለግሉ የቆዩ ጎልማሶችም አሉ። አንዳንዶቹ ተራቸውን እየጠበቁ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እዚሁ ኬንያ ወደ ማሠልጠኛ ገብተዋል። ጠባቂዎቹ መጽሐፍ ካገኙ ያነባሉ። ንባብ ግን አእምሮን እንጂ እጅን አያድስም። መርፌ ሳይዝ ሁለት ዓመት የቆየ እጅ መጽሐፍ ስለ ተገለጠለት ብቻ አይፈታም።

እኛ በናይሮቢ የማታ ትምህርት የምንሰጥ ስደተኞች መምህራን እንጂ ሐኪሞች አይደለንም። ሆኖም ከተማሪዎቻችን መካከል ወደ ጤና ሙያ የገቡ ስላሉ፣ ሲለማመዱ አጠገባቸው ተቀምጠን አይተናል፣ ጠይቀናል፣ ስለ ጉዳዩ የተጻፈውንም አንብበናል። በዚህ እትም የምናቀርበው ትምህርት በሥልጠና ላይ ላሉና ሥልጠናቸው ለተቋረጠባቸው ወገኖች ነው። ሌላው አንባቢም ቢያነበው አይጎዳም፤ በተለይ ወደ መጨረሻው ያለው ክፍል ጎረቤት ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነው።

በመጀመሪያ ከአገራችን አንድ ምሳሌ እናንሳ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የገጠር ልጅ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1962 ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ለቀናት በዘለቀ ምጥ ልጃቸውን አጥተውና በፊስቱላ ተጎድተው፣ አዲስ አበባ ወደሚገኘው ልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል መጡ። በዚያ ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከ1959 ጀምሮ ይሠሩ ነበር። ወይዘሮ ማሚቱ ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። ከታከሙ በኋላ እዚያው ቀርተው የሕሙማን አልጋ ማንጠፍ ጀመሩ። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብተው ማገዝ፣ ሲሠራ ማየት፣ መሣሪያ ማቀበል መጣ። ከዚያም ዶክተር ሬጂናልድ የእርሳቸውን እጅ በእጃቸው ይዘው ስፌቱን አስተማሯቸው። ውለው አድረው ፊስቱላ የሚጠግኑ፣ ከውጭ አገር ለመማር የሚመጡትን ሐኪሞች ሳይቀር የሚያሠለጥኑ ባለሙያ ሆኑ። በ1989 የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ለሃምሊኖችና ለእርሳቸው የወርቅ ሜዳልያ ሰጠ።

ይህን ታሪክ ስንናገር ብዙ ሰው የሚያደንቀው ፊደል ያልቆጠረች ሴት ቀዶ ጥገና መሥራቷን ነው። የሚገባ አድናቆት ነው። እኛ ግን መምህራን ስለሆንን ዓይናችን ያረፈው በሌላው በኩል ነው። ወይዘሮ ማሚቱ ለብቻቸው ሆነው አልጀመሩም። ከጎናቸው አዋቂ ቆሞ ነበር፤ እጃቸው ቢስት የሚያርም ሌላ እጅ ከላይ ነበረ። ቤት ውስጥ የሚደረግ ልምምድ ይህን ሊተካ አይችልም። የሚችለው አንድ ነገር ነው፤ አዋቂው ዘንድ የምንደርስበት ቀን ሲመጣ እጃችን የተፍታታ ሆኖ እንዲቆይ ማድረግ።

ሁለተኛው ምሳሌ ከፈረንሳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ሳዲ ካርኖ ሊዮን በምትባል ከተማ በጩቤ ተወጉና ትልቅ የደም ሥር ተቆርጦባቸው ሞቱ። በዚያን ጊዜ የተቆረጠ የደም ሥርን አስተማማኝ አድርጎ መስፋት የሚችል ሐኪም አልነበረም። አሌክሲስ ካሬል የተባለ የዚያው ከተማ ወጣት ሐኪም ይህ ነገር አልዋጥ አለው። ወዴት ሄደ ብትሉ፣ ወደ ፕሮፌሰር ሳይሆን ወደ አንዲት ጥልፍ ጠላፊ ሴት ሄደ። ማዳም ለሩዲዬ ይባላሉ። ቀጭን መርፌና ቀጭን ክር አያያዝን ከእርሳቸው ተማረ፤ በወረቀት ላይም እየሰፋ እጁን አለማመደ። የደም ሥር አሰፋፉን በ1902 አሳተመ፣ በ1912 የኖቤል ሽልማት አገኘበት። (በኋለኛው ዘመኑ ስለ ሰው ዘር የጻፋቸው አሳቦች የሚነቀፉ ናቸው። የምንማረው ከእጁ ነው፣ ከዚያኛው አይደለም።)

እንግዲህ ከእኛ ሠፈር ጥልፍ የሚጠልፉ፣ ሰፌድና መሶብ የሚሰፉ እናቶች ሞልተዋል። ወስፌያቸው ያለ ጭንቀት እንዴት እንደምትገባ፣ ክሩን እንዴት አንድ ዓይነት አድርገው እንደሚስቡ ሄዳችሁ ተመልከቱ። ካሬል ያላፈረበትን እኛም ልናፍርበት አይገባም።

ቀዶ ሕክምና የዶክተር ብቻ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ሞዛምቢክ ከ1984 ጀምሮ ዶክተር ያልሆኑ ባለሙያዎችን ለቀዶ ጥገና ማሠልጠኗን፣ በአገራችንም ከ2009 ጀምሮ ጤና መኮንኖች ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና ለማዋለድ በማስተርስ ደረጃ መማር መጀመራቸውን እንጠቁማለን። በኬንያ ቁስል የሚሰፋው በብዛት ክሊኒካል ኦፊሰሩ ነው። ስለዚህ ይህ ችሎታ ለብዙ ዓይነት ተማሪ ይጠቅማል።

ምን ያስፈልጋል?

የሐኪም መሣሪያ የግድ አይደለም። ለቋጠሮ ልምምድ ሁለት የጫማ ክር፣ አንድ ነጭ አንድ ጥቁር፣ ይበቃል። ለስፌት ደግሞ ያረጀ የፍራሽ ስፖንጅ፣ የብስክሌት ካላማዳሪያ፣ ወፍራም ጨርቅ፣ የሙዝና የብርቱካን ልጣጭ ይሆናል። ስፖንጅ ላይ ጨርቅ ደርቦ በክር ማያያዝ ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ ይመስላል። የሙዝ ልጣጭ ጥሩ መምህር ነው፤ መርፌውን በጉልበት ከሳቡት ወዲያው ይተረተራል። ካላማዳሪያ ግን ታጋሽ ስለሆነ ለጀማሪ ይመቻል፣ በዚያው ከቆዩበት ግን ያዘናጋል።

በእንግሊዝና በአሜሪካ መጻሕፍት የአሳማ እግር ተጠቀሙ ይላል። እኛ ዘንድ ክርስቲያኑም እስላሙም አሳማ ስለማይነካ የፍየል እግር ከነቆዳው ይተካዋል። ካኩማ ላይ ፍየል ብርቅ አይደለም። አንጀትና ጨጓራ ለመስፋት የፈለገ ናይሮቢ ውስጥ ሥጋ ቤት ገብቶ ማቱምቦ ብሎ ቢጠይቅ ያገኛል። ጥሬ ሥጋ ላይ ስትሠሩ ግን ጓንት አድርጉ፣ ከምግብ ዕቃና ከሕፃናት አርቁ፣ ሲያልቅ ቅበሩት፣ ጠረጴዛውንና እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። የተለማመዱበትን ሥጋ ቀቅሎ መብላት ቁጠባ አይደለም፤ ውስጡ የተሰበረ መርፌ ሊኖር ይችላልና።

መርፌው ቆልማማ መሆን አለበት። የሶፋ ሰፊዎች መርፌ ካልተገኘ ተራ የልብስ መርፌ በፒንሳ ይዞ፣ በእሳት ላይ እስኪቀላ አግሎ፣ ቀስ አድርጎ ማጉበጥ ይቻላል። ሳይግል ከታጠፈ ግን ይሰበርና ዓይን ላይ ሊፈናጠር ይችላል። ክሩ የናይለን የልብስ ክር ወይም ቀጭን የዓሣ ማጥመጃ ክር ይሁን። መርፌ መያዣና ወረንጦ ለመግዛት አቅም ከሌላችሁ በትንሽ ፒንሳና በቅንድብ መንቀያ ወረንጦ ጀምሩ። ከክሊኒክ ቆሻሻ የተጣለ መርፌ ግን ፈጽሞ አትልቀሙ። ኤች አይ ቪና የጉበት በሽታ የሚተላለፈው በእንዲህ ያለው ነው። ጊዜው ያለፈበት የታሸገ ክር ካለ ኃላፊውን ጠይቆ መውሰድ ይሻላል።

ስለ ቋጠሮ

ልምምዱን ከቋጠሮ እንድትጀምሩ እንመክራለን። የተፈታ ቋጠሮ ማለት የደም ሥር ላይ ከሆነ ደም መፍሰስ፣ ቆዳ ላይ ከሆነ የተከፈተ ቁስል ነውና።

ነጩንና ጥቁሩን የጫማ ክር በአንድ ጫፍ አያይዙና ማያያዣው ከኋላ እንዲሆን አድርጋችሁ በወንበር እግር ዙሪያ አሳልፏቸው። ነጩ በቀኝ እጅ፣ ጥቁሩ በግራ እጅ ይሁን። ነጩን በጥቁሩ ላይ አሳልፋችሁ ከሥሩ አውጡና ሳቡ። አሁን ነጩ ወደ ግራ ዞሯል። ለሁለተኛው ዙር አሁንም ነጩን በጥቁሩ ላይ አሳልፉና ከሥሩ አውጡ። ደንቡ ይኸው ነው፤ በሁለቱም ዙር በላይ የሚሄደው አንዱ ቀለም ነው። እንዲህ የታሰረ ቋጠሮ ጠፍጣፋ ሆኖ ይተኛል፣ በሳቡት ቁጥርም ይጠብቃል። በሁለተኛው ዙር ጥቁሩ በላይ ከሄደ ግን ቋጠሮው ይጣመማል፣ ጫፎቹም ወደ ጎን ይቆማሉ፣ ሲሳብ ይንሸራተታል።

ልዩነቱን በገዛ ጫማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። አስራችሁ ስትጨርሱ የክሩ ጆሮዎች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከተኙ ቋጠሮው ትክክለኛው ነው። ወደ ጣትና ወደ ተረከዝ ካመለከቱ ያኛው ተንሸራታቹ ነው፤ በየመንገዱ የሚፈታውም ጫማ ይኸኛው ነው። ይህን በክፍላችን ስናስተምር ተማሪው ሁሉ ወደ ጫማው ጎንበስ አለ። ግማሹ ያህል ተንሸራታቹን አስሮ ተገኘ።

ለሐር ክር ሦስት ዙር፣ ለናይለን ግን አራትና ከዚያ በላይ ይታሰራል። ናይለን ለስላሳ ስለሆነ ያመልጣል። በሁለት እጅ ማሰር ሲለመድ በአንድ እጅ፣ ቀጥሎም በመርፌ መያዣው ላይ ክሩን ጠምጥሞ ማሰር ይለመዳል። ለዚህ ባዶ የክብሪት ቀፎ ጥሩ ፈታኝ ነው። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡና ዙሪያውን እሰሩ፤ ቀፎው ከተነሳ ወይም ከተጨማደደ አሳሰባችሁ ኃይለኛ ነው ማለት ነው፣ እውነተኛው የደም ሥር ቢሆን ተበጥሶ ነበር። የላቀው ደግሞ የጀሪካን አናት ቆርጦ ከግርጌው በተተከለ ምስማር ላይ፣ ጣትን ወደ ታች ሰድዶ፣ ወደ ላይ ሳይስቡ ማሰር ነው። ጥልቅ ቦታ ላይ የሚሠራ ሐኪም እንዲሁ ያደርጋል።

ስለ ስፌት

መርፌ መያዣውን በአውራ ጣትና በቀለበት ጣት ያዙ፣ ሌባ ጣት በመሣሪያው ላይ ተዘርግታ አቅጣጫ ታሳይ። መርፌውን ከጫፉ ሁለት ሦስተኛ ያህል ርቀት ላይ፣ ወደ ክሩ ጠጋ አድርጋችሁ ቆንጥጡት። ስፖንጁ ላይ በምላጭ መስመር ሰንጥቁና ከመስመሩ ግራና ቀኝ በግማሽ ሴንቲ ሜትር ርቀት በእስክሪብቶ ነጥቦች አድርጉ፤ በአንዱና በሌላው ስፌት መካከል አንድ ሴንቲ ሜትር ይኑር። መርፌው ሲገባ ቀጥ ብሎ ይግባ፣ ከዚያ አንጓችሁን አዙሩ። ቆልማማውን መርፌ እንደ ጦር ወደፊት የሚገፋ ይሳሳታል፣ መርፌው በራሱ ቅርጽ ዞሮ ይውጣ። በአንዱ ጎን በገባበት ጥልቀት በሌላው ጎን ይውጣ። ጥልቀቱ ካልተመጣጠነ አንዱ ከንፈር በሌላው ላይ ይሳፈራል።

ሁለቱ ከንፈሮች ሲገናኙ በትንሹ ከፍ ብለው መሳሳም አለባቸው። ቋጠሮው በቁስሉ ላይ ሳይሆን ወደ ጎን ይረፍ። የማጥበቁ ነገር ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ነው። እያንዳንዱ ሰው ልብስ የሰፋ ስለሆነ ጠበቅ ያለ ስፌት ጥሩ ስፌት ይመስለዋል። ገላ ግን ልብስ አይደለም። ቁስል በማግስቱ ያብጣል፤ ዛሬ የጠበቀ ክር ነገ ሥጋውን ያንቃል፣ ደም እንዳይደርሰው ይከለክላል፣ ያን ጊዜ ዳር ዳሩ ይሞታል። ስለዚህ ከንፈሮቹ እስኪነካኩ ብቻ።

ምን ያህል ይሠራ ለሚለው፣ በየቀኑ ሃያ ደቂቃ ከሳምንት አንድ ቀን ሙሉ ይሻላል እንላለን። ይህ የእኛ ግምት ብቻ አይደለም። በ2006 በካናዳ ቶሮንቶ 38 ጀማሪ የቀዶ ሕክምና ሠልጣኞች ስስ የደም ሥር መስፋትን ተምረው ነበር። እኩሌቶቹ በአንድ ቀን ጨረሱት፣ እኩሌቶቹ ያንኑ ትምህርት በአራት ሳምንት ከፋፍለው ወሰዱት። ከወር በኋላ ሲፈተኑ የበለጡት ከፋፍለው የወሰዱት ናቸው። የቆሎ ተማሪም ዳዊቱን በአንድ ሌሊት አይደግምም።

ከተቻለ ሁለት ሆናችሁ ተለማመዱ። ፔይተን የተባሉ ሐኪም በ1998 ያሳተሙት አራት ደረጃ ያለው አስተማማሪ ዘዴ አለ፤ እኛም ለሒሳብ ትምህርት ሳይቀር ወስደነዋል። አዋቂው መጀመሪያ ዝም ብሎ በተለመደው ፍጥነት ይሠራል። ሁለተኛ እየዘረዘረ ቀስ ብሎ ይሠራል። ሦስተኛ ተማሪው በቃሉ ይናገራል፣ አዋቂው የታዘዘውን ብቻ ይሠራል። በመጨረሻ ተማሪው እየተናገረ ራሱ ይሠራል። ትልቁ ፍሬ ያለው በሦስተኛው ላይ ነው፤ በቃሉ መናገር የተሳነው ተማሪ የቱ ጋ እንደጠፋበት ወዲያው ይታወቃል።

ብቻውን የሚለማመድ በስልክ እጁን ይቅረጽና ራሱን ይፍረድ። ቶሮንቶዎች በ1997 ባሳተሙት የፈተና መመዘኛ ከሰባቱ ነጥቦች የመጀመሪያው ለሥጋው የሚደረግ ጥንቃቄ ነው፤ ወረንጦው ቆዳውን ጨፈለቀው ወይስ በቀስታ ያዘው? ሌላው የማያስፈልግ እንቅስቃሴ ነው፤ መርፌውን ስንት ጊዜ አነሳህ፣ ስንት ጊዜ አስተካከልክ? ፍጥነት በሰዓት አይለካ። ትርፍ እንቅስቃሴ ሲቀንስ ፍጥነቱ ራሱ ይመጣል።

ቤት ውስጥ የማይማሩት

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ እንመጣለን። ስፖንጅ አይደማም። የሞተ ፍየል እግር አያብጥም፣ አይመረቅዝም፣ አያለቅስም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስፖንጅ የትኛው ቁስል መሰፋት እንደሌለበት አያስተምርም። ውሻ የነከሰው፣ አፈርና እበት የገባበት፣ ካደረ በኋላ የመጣ ቁስል ብዙውን ጊዜ ታጥቦ ክፍት ይተዋል። በላዩ ላይ ያማረ ስፌት ቢሠራበት መግሉ ወደ ውስጥ ይታፈናል፣ ሰውየው እጁን ወይም ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። ከቆዳው ሥር የተቆረጠ ጅማት፣ የተቆረጠ ነርቭ፣ የቀረ የጠርሙስ ስባሪ መኖሩን የሚያውቀው የሠለጠነ መርማሪ ነው። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባትም አለ፣ የማደንዘዣው መጠንም አለ።

ይህን የምንጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በካምፕ ውስጥ እጁ የተፍታታ ልጅ ወሬው ቶሎ ይሰማል። አንድ ሌሊት፣ ክሊኒኩ ሩቅ ነው ተብሎ፣ ጭንቅላቱ የተፈነከተ ሰው ደጁ ይመጣል። «አንተ ትችላለህ አሉ፣ በእናትህ» ይሉታል፤ የሚለምኑት ደግሞ ጋሼ እያለ ያደጋቸው ሽማግሌ ይሆናሉ። እምቢ ማለት ጨካኝ ያስመስላል። ቢሆንም እምቢ በሉ። በኬንያ ሕግ ያልተመዘገበ ሰው ማከም አይፈቀድለትም፤ ከሕጉም በፊት የሰውየው ደኅንነት አለ። እምቢ ማለት ግን እጅን አጣጥፎ መቀመጥ አይደለም። ንጹሕ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አድርጋችሁ በመዳፍ አጥብቃችሁ ተጫኑ፣ በየደቂቃው ገልጣችሁ አትዩ፣ ደም ጨርቁን ካራሰው ሌላ ደርቡበት። እጅ ወይም እግር ከሆነ ከፍ አድርጋችሁ ያዙ። ቡና ዱቄት፣ አመድ፣ ጨው አይነስነስበት። ሰው ልካችሁ መኪና ወይም ቃሬዛ አስመጡ፣ አብራችሁም ሂዱ። ቁስሉ መቼና በምን እንደሆነ ለተረኛው ንገሩት። በዚያች ሌሊት የሚፈለግባችሁ ይህ ነው።

በሥልጠና ላይ ያላችሁ ደግሞ ቤት የተለማመዳችሁትን ለአስተማሪያችሁ አሳዩ። የተበላሸ ልማድ ተደጋግሞ ከጠነከረ ለማስለቀቅ ከአዲስ ትምህርት ይከብዳል። ሥልጠናችሁ የተቋረጠባችሁ ከካምፑ ክሊኒክ ባለሙያዎች አንዱን በሳምንት አንድ ጊዜ ስፌታችሁን እንዲመለከት ብትጠይቁ፣ በሥራ ቢዋከብም አሥር ደቂቃ አይነፍጋችሁም።

በመጨረሻ ስለ መርፌዎቹ። ልምምድ ሲጀመር ስንት መርፌ እንዳለ ቁጠሩ፣ ሲያልቅም ቁጠሩ፤ ኦፕራሲዮን ክፍልም ውስጥ እንዲሁ ይቆጠራል። አንዱ ከጎደለ ምንጣፉን አራግፋችሁ እስኪገኝ ድረስ ሕፃናት አይግቡ። የታጠፈና የተሰበረ መርፌ፣ ምላጭም ጭምር፣ ክዳን ባለው ጠንካራ የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ ይጠራቀም። ዕቃው ሦስት አራተኛ ሲሞላ ክዳኑን አጥብቃችሁ ለክሊኒኩ አስረክቡ፤ ከቤት ጥራጊ ጋር አይጣል።